ማዕበሉ የማይታይበት ቪዲዮ

ዲሴምበር 26 ቀን 2004 ጠዋት ነው፤ ታይላንድ፣ ፑኬት ደሴት፣ ማይካኦ የባሕር ዳርቻ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ሰዓቱ ግን የኛው ነው።) የገና ዕረፍቱን ሊያሳልፍ ከእንግሊዝ የመጣ አንድ ቤተሰብ አሸዋው ላይ ይንሸራሸራል። የአሥር ዓመቷ ቲሊ ስሚዝ ጨዋታው አልያዛትም። ዓይኗ ውኃው ላይ ተተክሏል። ባሕሩ እንደ ወትሮው መጥቶ አይመለስም፤ ይመጣል፣ ይመጣል፣ አሁንም ይመጣል። ላዩ አረፋ ለብሶ ይፈላል።

ልጅቷ ሱናሚ ሊመጣ ነው ብላ መጮህ ጀመረች። እናቷ መጀመሪያ ላይ ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ነፋስ የሌለበት የበዓል ማግስት ነበር። ልጅቷ ግን በጄ አልል አለች። በመጨረሻ አባቷ ለሆቴሉ የጥበቃ ሠራተኛ ነገሩት፤ ሰዉ ከዳርቻው ተነሥቶ ወደ ሆቴሉ ሸሸ። ማዕበሉ ከደቂቃዎች በኋላ ደረሰ። በዚያን ዕለት በሕንድ ውቅያኖስ ዙሪያ በ14 አገሮች ወደ 230,000 ሰው ሲያልቅ፣ በዚያ ዳርቻ የሞተ አልነበረም።

ይህ ታሪክ በተነገረ ቁጥር የሚወደሰው የልጅቷ ንቃት ነው። ይገባታል። እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ግን ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ክፍሏ ውስጥ የሆነው ነው። የጂኦግራፊ መምህሯ አንድሪው ኪርኒ ስለ ሱናሚ ሲያስተምሩ፣ በ1946 ሃዋይን የመታውን ማዕበል የሚያሳይ አሮጌ ጥቁርና ነጭ ፊልም ለተማሪዎቻቸው አሳይተው ነበር። ማይካኦ ላይ ያየችውን ያወቀችው ከዚያ ትምህርት ነው። ያኔ ዩቲዩብ ገና አልተወለደም፤ የመጣው በተከታዩ ዓመት ነው። ቲክቶክማ በማንም ሐሳብ አልነበረም። ወጣቱን ስለ ሱናሚ በአጭር ቪዲዮ ማስተማር ዛሬ የዓለም አቀፍ ድርጅቶች አዲስ ፈሊጥ ቢመስልም፣ ነፍስ ማዳን እንደሚችል ከስማርት ስልኩ በፊት ታይቷል።

ጥያቄው የትኛው ቪዲዮ ነው የሚለው ነው። የሚያስደነግጠው ሁሉ አያስተምርምና።

ፊልሙ ወደተቀረጸበት ቀን እንመለስ። ኤፕሪል 1 ቀን 1946 በአላስካ በኩል፣ በአሉሺያን ደሴቶች አጠገብ የባሕሩ ወለል ተናወጠ። ከሰዓታት በኋላ ማዕበሉ ሃዋይ ደረሰ። ላውፓሆይሆይ በተባለች መንደር ትምህርት ቤቱ ባሕሩ አፍ ላይ ነበር። ውኃው ከዳርቻው ሸሽቶ ሄደና ማንም አይቶት የማያውቀው የባሕር ወለል ተገለጠ። ዓሣው ድንጋይ ላይ ይፈራገጣል። ልጆቹ ይህን ጉድ ሊያዩ ወረዱ። ዕለቱ ፈረንጆች እርስ በርስ የሚሸዋወዱበት የኤፕሪል መጀመሪያ ነበርና ባሕሩ እንዲህ ሆነ ሲባል ቀልድ የመሰላቸውም ነበሩ። በዚያች መንደር ብቻ ከ20 በላይ ተማሪዎችና መምህራን ሞቱ፤ በመላው ሃዋይ 159 ሰው።

ከ14 ዓመት በኋላ፣ በ1960፣ ቺሊ ላይ የተነሣ ሌላ ማዕበል ወደ ሃዋይዋ ሂሎ ከተማ ሲገሰግስ ሳይረኑ ከሰዓታት በፊት ተነፍቶ ነበር። ያልተነቃነቀም፣ ሄዶ የተመለሰም፣ ሊያይ የወረደም ነበር። 61 ሰው ሞተ። በ2011 ደግሞ የጃፓኑ ማዕበል ፓስፊክን አቋርጦ ካሊፎርኒያ ሲደርስ፣ ሕዝቡ በቂ ጊዜ አግኝቶ ከዳርቻው እንዲርቅ ተነግሮት ሳለ፣ በክላማት ወንዝ መጨረሻ ላይ ፎቶ ሊያነሣ የወረደ ወጣት በውኃው ተወሰደ።

የሱናሚ ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው። ሰው ሊያየው ይፈልጋል። ዛሬ ደግሞ እያንዳንዱ ወጣት ኪስ ውስጥ ካሜራ አለ፤ ያየውን ለመቅረጽ፣ የቀረጸውን ለመልቀቅ የሚቸኩል እጅም አለ። እናም ወጣቱን በቪዲዮ ስለ ሱናሚ ላስተምር የሚል ሁሉ አንድ አስቸጋሪ ነገር ይገጥመዋል፤ ልጁን ሊያድነው የሚፈልግበት መሣሪያ ልጁን ወደ ውኃው የሚጎትተውም ራሱ ነው።

በአእምሯችን ያለው ሥዕልም አያግዝም። ሱናሚ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ተጠቅልሎ ከላይ የሚናድ የውኃ ግድግዳ ነው። የጃፓናዊው ሠዓሊ ሆኩሳይ ዝነኛ ሥዕል በየሱናሚው ጽሑፍ ላይ ይለጠፋል፤ ያ ግን ነፋስ ያስነሣው ማዕበል እንጂ ሱናሚ አይደለም። ሱናሚ ባሕሩ ላይ ሽው የሚል ነገር አይደለም። የባሕሩ ወለል በመሬት መንቀጥቀጥ ሲነሣ ወይም ሲሰምጥ፣ ከላዩ ያለው ውኃ ከታች እስከ ላይ በሙሉ ይነቃነቃል። አራት ሺህ ሜትር ጥልቀት ባለው ውቅያኖስ ላይ በሰዓት 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ከአውሮፕላን ብዙም አያንስም። ሆኖም እዚያ መሐል ባሕር መርከብ ላይ ያለ ሰው ሳያውቀው ሊያልፍ ይችላል። ወደ ዳርቻ ሲጠጋ ጥልቀቱ ያንሳል፣ የፊቱ ይዘገያል፣ የኋላው ይደርስበታል፣ ውኃው ይቆለላል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ማቆሚያ የሌለው ጎርፍ ነው፤ መኪናውን፣ ጣውላውን፣ ቆርቆሮውን፣ ጀልባውን ይዞ የሚገባ። ጉልበት ላይ የደረሰ እንዲህ ያለ ውኃ ጠንካራ ጎልማሳን ይጥላል።

ደግሞ አንድ ጊዜ መጥቶ አያበቃም። ሞገዶቹ ከደቂቃዎች እስከ አንድ ሰዓት ገደማ ተራርቀው ይመጣሉ፤ የመጀመሪያው ትንሹ ሊሆን ይችላል። በጁላይ 2024 በጎፋ የመሬት መንሸራተት የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰበው ሰው ሁለተኛው ናዳ እንደወረደበት የምናስታውስ፣ ይህን ለመረዳት ባሕር ማየት አያስፈልገንም። ሱናሚም የመጀመሪያው አልፏል ብሎ ዕቃውን ሊያነሣ፣ ዘመዱን ሊፈልግ የተመለሰውን ይበላል።

ስለዚህ ለአንድ ወጣት መንገር የሚገባው ነገር ብዙ አይደለም። ባሕር ዳር ሆነህ መሬቱ ክፉኛ ወይም ረዘም ላለ ጊዜ ከተንቀጠቀጠ፣ ባሕሩ ያለ ወትሮው ከሸሸ ወይም ከሞላ፣ ከውኃው በኩል የጉምጉምታ ድምፅ ከመጣ፣ ማንንም ሳትጠብቅ ሽቅብ ውጣ። ሳይረን አትጠብቅ፤ መኪና አትፈልግ፤ ባለሥልጣን ይፈቀድልሃል እስኪልህ አትመለስ። ኒውዚላንዶች ይህን በእንግሊዝኛ ቤት በሚመታ አንዲት ሐረግ ጠቅልለው ለሕፃናት ያስተምሩታል። ኢንዶኔዢያ ውስጥ ሦስት ጊዜ "20" ይባላል፤ መንቀጥቀጡ 20 ሰከንድ ከቆየ፣ ያለህ 20 ደቂቃ ነው፣ 20 ሜትር ከፍታ ላይ ውጣ። ሃያ፣ ሃያ፣ ሃያ። ለስልክ ቪዲዮ ከዚህ የተሻለ ጽሑፍ ከየት ይመጣል?

የእህቴን ልጅ ስልኩ ላይ "ሱናሚ" ብሎ እንዲፈልግልኝ ጠየቅሁት። ገና ከመጫኑ ሰማይ ጠቀስ ሕንጻ የሚያህል ማዕበል አንድ ከተማ ላይ ሲወድቅ አሳየኝ፤ ከበስተጀርባው ሙዚቃ አለ። ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎ ደግሞ ሌላ። "ይሄ የት የሆነ ነው?" አልኩት። "የትም አልሆነም ጋሼ፣ በኤአይ የተሠራ ነው" አለኝ፤ ድምፁ ውስጥ ይህን እንኳ አታውቅም እንዴ የሚል ነገር ነበር። ማወቁ ደግ ነው። ይሁንና ያን ሁሉ ሲያይ ከርሞ፣ መሬት ሲንቀጠቀጥ ምን ማድረግ እንዳለበት የነገረው አንድም ቪዲዮ አልነበረም።

ሐሰተኛው ብቻ አይደለም ችግሩ። በሴፕቴምበር 28 ቀን 2018 ኢንዶኔዢያ፣ ፓሉ ከተማ ውስጥ የተቀረጸውን ቪዲዮ ያየ አይረሳውም። አንድ የገበያ ማዕከል የመኪና ማቆሚያ ፎቅ ላይ የቆመ ሰው ወደ ታች ይጮኻል። ባሕሩ ላይ ነጭ መሥመር ይታያል። ከሥር መንገዱ ላይ ሞተር ብስክሌትና መኪና ይተራመሳል፤ ሰዉ የሚሰማውም አይመስል። ከዚያ ውኃው ይገባል። ይህ እውነተኛ ነው፤ በሚሊዮኖች ታይቷል። ግን ልብ ብላችሁ ብታዩት ቪዲዮው የሚጀምረው ሁሉ ነገር ካበቃ በኋላ ነው። መሬቱ የተንቀጠቀጠው አመሻሹ 12 ሰዓት እንዳለፈ ነበር፤ ማዕበሉ የደረሰው በደቂቃዎች ውስጥ። ዳርቻው ላይ የከተማው በዓል ሊከበር ሕዝብ ተሰብስቧል። ሳይረን አልሰማም። ያ ብርቱ መንቀጥቀጥ ራሱ ማስጠንቀቂያው ነበር፤ ያንን የሚያሳይ ቪዲዮ ግን ማን ያያል? መሬት ሲንቀጠቀጥና ሰው ሽቅብ ሲሮጥ ለዓይን ምኑም አይስብም። በአደጋው ከ4,000 በላይ ሰው አልቋል። ቪዲዮው ዓለምን አዳረሰ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ፍርሃት እንዴት እንደሚሸጥ ለማየት 2025ን ማስታወስ ይበቃል። ጃፓናዊቷ ሠዓሊ ሪዮ ታትሱኪ በ1999 ሕልሞቿን በሥዕላዊ መጽሐፍ አሳትማ ነበር። ሽፋኑ ላይ ማርች 2011 የሚል ስለነበር፣ በዚያ ወር የጃፓኑ ሱናሚ በእርግጥ ሲደርስ መጽሐፉ ዝነኛ ሆነ። በ2021 በታደሰው እትም ደግሞ ትልቁ አደጋ በጁላይ 2025 ይደርሳል የሚል ገባበት። ይኼኔ የአጫጭር ቪዲዮ ሠሪው ገበያ ደራ። ቀኑ ጁላይ 5 ነው ተባለ። ከሆንግ ኮንግ ወደ ጃፓን የሚሄደው መንገደኛ በመቀነሱ አየር መንገዶች በረራ እስከመሰረዝ ደረሱ። የጃፓን የሜትዎሮሎጂ ተቋም ኃላፊ የመሬት መንቀጥቀጥን ቀኑንና ቦታውን ለይቶ መተንበይ እንደማይቻል፣ ወሬው ውሸት እንደሆነ በይፋ ተናገሩ። ጁላይ 5 መጣ፣ ሄደ። ምንም አልሆነም። በዚያው ወር መጨረሻ ካምቻትካ ላይ 8.8 የተመዘገበ መንቀጥቀጥ ደረሰና በመላው ፓስፊክ የሱናሚ ማስጠንቀቂያ ተላለፈ። ያን ጊዜም የድሮ ቪዲዮው፣ በኤአይ የተሠራው፣ ከሌላ አገር የተቀዳው ሁሉ አንድ ላይ ተለቀቀ።

አንድ ቀን ጠቅሶ የሚያስፈራራ ቪዲዮ ከሐሰትነቱ በላይ የሚያጠፋው ነገር አለ። ሰውን ቀን ያስጠብቃል። ቀኑ ሲያልፍ ደግሞ ያስተኛል።

አሁን ተቃራኒውን እንይ። የ2024 የፈረንጆች አዲስ ዓመት፣ ጃንዋሪ 1፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ከ10 ላይ የጃፓን ኖቶ ልሳነ ምድር ተናወጠ፤ 7.6። በብሔራዊው ቴሌቪዥን በኤንኤችኬ ዜና ታነብ የነበረችው ጋዜጠኛ ድምፅ ከመቅጽበት ተለወጠ። ሥርዓቱን ጠብቆ ዜና የሚያነብ ድምፅ አልነበረም፤ ትጮኻለች፣ ታዝዛለች። አሁኑኑ ሽሹ፣ አትቁሙ፣ አትመለሱ። ስክሪኑ ላይ የተጻፈው ትንሽ ልጅም እንዲያነበው በቀላሉ የጃፓን ፊደል ነው፤ "ሱናሚ! ሽሹ!" የሚል። ቁራጩ በማኅበራዊ ሚዲያ ተሠራጨ፤ ከወጣቶቹም አንዳንዶቹ ያስነሣን ድምፁ ነው አሉ።

ያ ጩኸት በድንገት የመጣ አይደለም። በ2011 ያ ሁሉ ሰው ሲያልቅ ቴሌቪዥኑ እርጋታ በተሞላበት ድምፅ ነበር ማስጠንቀቂያውን ያነበበው። እርጋታው አዘናጋ የሚል ትችት ተነሣ። ጣቢያው አነጋገሩን ከመሠረቱ ለወጠ፤ ትእዛዝ፣ አጭር ዐረፍተ ነገር፣ የሚሰነጥቅ ድምፅ። ልብ በሉ፣ በዚያ ቁራጭ ቪዲዮ ውስጥ ማዕበል አይታይም።  የሚሠራው ድምፁ ነው።

የዚህ ጉዳይ ልብ ያለው ግን ካማይሺ ነው፤ ጃፓን ሰሜን ምሥራቅ፣ ተራራና ባሕር በተፋጠጡበት በሳንሪኩ ጠረፍ።

ማርች 11 ቀን 2011፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ46። ኡኖሱማይ በተባለው ሰፈር አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና የካማይሺ ምሥራቅ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጎን ለጎን ባሕሩ አቅራቢያ ይገኛሉ። መሬቱ ሲናወጥ መብራት ጠፋ፤ በድምፅ ማጉያ የሚነገር ነገር አልነበረም። ትልልቆቹ ልጆች መመሪያ አልጠበቁም። ወጥተው ሮጡ። የአንደኛ ደረጃዎቹ መጀመሪያ ወደ ሕንጻቸው ሦስተኛ ፎቅ ወጥተው ነበር፤ ጎረምሶቹ ሲሮጡ ሲያዩ እነሱም ወርደው ተከተሉ። ቀድሞ የተወሰነው መሰብሰቢያ ላይ ደረሱ፤ ከኋላው ያለው ገደል ሲናድ አዩ። እዚህም አይበጅም ተባለ፤ ወደ ላይ ቀጠሉ። ትልልቆቹ የትንንሾቹን እጅ ይዘዋል። ከሕፃናት መዋያ የወጡ ጨቅሎችም ነበሩ፤ ጋሪ እየገፉ አወጧቸው። ሁለተኛው ቦታ ሲደርሱ ውኃው ከታች ቤቶቹን እያፈረሰ ሲገባ ታየ። ከዚያም እግሬ አውጪኝ አሉ፤ ሽቅብ። ወደ 570 የሚጠጉ የሁለቱ ትምህርት ቤት ልጆች ተረፉ። ትምህርት ቤታቸው በውኃ ተዋጠ። በመላ ከተማዋ ከ1,000 በላይ ሰው ሞቷል ወይም የገባበት ጠፍቷል፤ ከ3,000 ገደማ ተማሪዎች ግን የጠፉት አምስት ናቸው፤ እነሱም በዚያ ሰዓት በመምህራን ኃላፊነት ሥር ያልነበሩ።

የሚያመው ነገር ደግሞ እዚያው ሰፈር አለ። በጣም ብዙ አዋቂዎች የሸሹት የአደጋ መከላከያ ማዕከል ወደሚባል አዲስ ሕንጻ ነበር። ለሱናሚ መሸሺያ የታሰበ አልነበረም፤ ግን ቅርብ ስለሆነ፣ ለልምምድም ስለተጠቀሙበት፣ ሰዉ እዚያ ለምዶ ነበር። ውኃው ሞላው። ከ160 በላይ ሰው እዚያ አለቀ።

ልጆቹን ያስተማራቸው ማን ነው? ቶሺታካ ካታዳ የተባሉ የጉንማ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ወደ ካማይሺ የመጡት ከ2011 ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። መጀመሪያ ለአዋቂዎች ስብሰባ ጠሩ፤ የሚመጡት ሁልጊዜ እነዚያው ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ወደ ልጆቹ ዞሩ። ያስተማሯቸውም ሦስት ነገር ነው። ካርታው የሚለውን አትመን፤ ባለህ አቅም ሁሉ ሩጥ፤ ከሁሉ ቀድመህ የምትሸሽ አንተ ሁን። የሦስተኛው ብልሃት እኔን ይገርመኛል። ሰው ሲሮጥ ያየ ሰው ይሮጣል። የመጀመሪያው መሆን ያሳፍራል፣ ያስቃል፤ ስለዚህ ያንን ድፍረት ለጎረምሳ ስጠው።

ፕሮፌሰሩ ልጆቹን ሌላም የቤት ሥራ ይሰጡ ነበር፤ ዛሬ ቤት ገብታችሁ ወላጆቻችሁን "እኔ በእርግጥ እሸሻለሁ፣ እናንተም እኔን ፍለጋ አትምጡ" በሏቸው የሚል። በዚያ ጠረፍ ሱናሚ ሲመጣ እያንዳንዱ በየፊናው ይሩጥ የሚል የቆየ ብሂል አለ፤ ቴንዴንኮ ይሉታል። ለእኛ አገር እናት ይህን መንገር ከባድ ነው፤ ልጇን ትታ የምትሮጥ የት አለች? የጃፓን እናትም ያው ናት። ብሂሉ የሚሠራው እናትየው ልጇ አስቀድሞ እንደሮጠ ያመነች እንደሆነ ብቻ ነው። ያን እምነት የሚሰጣት ልጁ ራሱ ነው።

ማዕበሉ ከመድረሱ በፊት የምሥራቅ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሠሩት ነገር አለ፤ ስለ ካማይሺ በሚወራበት ጊዜ ሁሉ የሚዘነጋ። በራሳቸው ተዋናይነት የአደጋ መከላከያ ዲቪዲ ሠርተዋል፤ ስሙም "ቴንዴንኮ ሬንጀር" ነው። ከሕፃናት የጀግና ተከታታይ ፊልሞች የተቀዳ ስም ነው። ከዚያ በተጨማሪ "ሸሽተናል፣ ደኅና ነን" ብሎ በር ላይ የሚሰቀል ምልክት አዘጋጅተው ለሰፈሩ አከፋፍለዋል፤ ጎረቤት ዘመዱን ፍለጋ ባዶ ቤት ውስጥ እንዳይገባ። ያ ዲቪዲ በዛሬ ዓይን ሲታይ ጥራቱ ምንም ላይሆን ይችላል። እኔ ግን ከሰማኋቸው የሱናሚ ቪዲዮዎች ሁሉ ለእሱ ነው የማዳላው። ስክሪፕቱን የጻፈ፣ መንገዱን ወጥቶ ወርዶ የቀረጸ፣ ጓደኛውን "እንደገና ሩጥ፣ አልተሳካም" ብሎ ያስሮጠ ልጅ፣ መንገዱን እግሩ ያውቀዋል።

የድርጅቶቹ ስሕተት ብዙ ጊዜ ይኸው ይመስለኛል። ወጣት ተመልካች ነው ብለው ይነሣሉ። በአኒሜሽን ያሸበረቀ ቪዲዮ ይሠራሉ፣ ታዋቂ ሰው ያስገባሉ፣ ስንት ሰው አየው ብለው ሪፖርት ይጽፋሉ። ስንት ሰው አየው የሚለው ቁጥር ግን ማን ሽቅብ የሚያወጣውን መንገድ ያውቃል የሚለውን አይመልስም።

ኩሮሺዮን የመሰለ ምሳሌ ስላለ ነው እንዲህ የምለው። በኮቺ አውራጃ ያለች ትንሽ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት። በ2012 የጃፓን መንግሥት ናንካይ በሚባለው ስንጥቅ ትልቁ መንቀጥቀጥ ቢደርስ የሚመጣውን የማዕበል ከፍታ ሲያስታውቅ፣ ኩሮሺዮ 34 ሜትር ተባለላት፤ ከአገሩ ሁሉ ከፍተኛው። አሥር ፎቅ ማለት ነው። ሽማግሌዎቹ ተስፋ ቆረጡ፤ የት ሊደረስ፣ እዚሁ እንሙት ያሉ ነበሩ። ከተማዋ ቁጥሩን ልትደብቀው ትችል ነበር። እሷ ግን የታሸገ ምግብ ፋብሪካ አቋቁማ "34 ሜትር" የሚል መለያ ለጠፈችበት። በኖቬምበር 2016 ደግሞ ከ30 አገሮች የመጡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ስለ ሱናሚ የተመካከሩት እዚያች ከተማ ነው። ያ የዓለም የሱናሚ ግንዛቤ ቀን፣ ኖቬምበር 5፣ በተባበሩት መንግሥታት ከተወሰነ በኋላ የመጣ የመጀመሪያው ዓመት ነበር።

ቀኑ የተመረጠውም ከአንድ አጭር ታሪክ ነው። በ1854 በዛሬዋ ዋካያማ ሃማጉቺ ጎርዮ የተባለ ባለጸጋ የሩዝ ነዶ አቃጥሎ፣ በጨለማ መንገድ የጠፋበትን የመንደሩን ሰው ወደ ከፍታ ጠራ። ታሪኩ አጥሮ ከ1937 እስከ 1947 በጃፓን የአንደኛ ደረጃ መማሪያ መጽሐፍ ገባ፤ ያነበበው ትውልድ ሸምግሎም አልረሳው። የመጽሐፉ ታሪክ እሳቱ ላይ ያበቃል። ሰውዬው ከዚያ በኋላ በገዛ ገንዘቡ ሥራ ያጣውን የመንደሩን ሰው ቀጥሮ 600 ሜትር የሚረዝም ግንብ አሠራ። ለአጭር ቪዲዮ የማይመች ክፍል ነው፤ እሳት የለበትም።

ሲሙሉዌ ደሴት ደግሞ ካሜራም መጽሐፍም አልነበራትም። የ2004ቱ መንቀጥቀጥ ከተነሣበት አጠገብ ያለች የኢንዶኔዢያ ደሴት ናት። በ1907 ማዕበል ከፈጃቸው ወዲህ ሕዝቡ ያን ታሪክ በእንጉርጉሮና በተረት ለልጅ ልጅ ያወርሳል፤ መሬት ከተንቀጠቀጠ፣ ባሕሩም ከሸሸ፣ ወደ ተራራ። በ2004 ማዕበሉ ለመድረስ አሥር ደቂቃ ያህል ነበር የፈጀበት። 78,000 ከሚሆነው ነዋሪ የሞተው ሰባት ነው። አንድ ልጅ በአንድ ጊዜ ሰምቶ የሚይዘው፣ ደጋግሞ ሲያንጎራጉረው የሚውል፣ አጭር። የዛሬ ቪዲዮ ሠሪ የሚመኘውን ሁሉ እነሱ በአፋቸው ሠርተውታል።

በዚያው ቀን ግን ያን ማዕበል ሊያመልጥ የሚችል ሰው በእኛው ደጅ ሞቷል። ማዕበሉ ሰባት ሰዓት ያህል ተጉዞ ሶማሊያ፣ ሐፉን ልሳነ ምድር ሲደርስ ለዓሣ አጥማጆቹ የነገራቸው አልነበረም፤ በሶማሊያ ወደ 300 ሰው አለቀ። በኬንያ ባለሥልጣናት የእስያውን ዜና በቴሌቪዥን አይተው ዳርቻውን አስለቅቀው ስለነበር የሞተው አንድ ሰው ነው። ልዩነቱን ያመጣው የደረሰ ወሬና ያልደረሰ ወሬ ነው። ዛሬ ከሐፉን ጠረፍ በስተምዕራብ፣ በቦሳሶ በኩል፣ ባሕር አይተው የማያውቁ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ወደ የመን ሊሻገሩ ዳርቻው ላይ ያድራሉ። አብዛኛው ስልክ ይዟል።

ባሕር አልባ አገር ነን ብለን ነገሩን ማለፍ የሚቀለን እዚህ ቤታችን ስንሆን ነው። እስራኤል ውስጥ ኔታንያና አሽዶድን የመሳሰሉ፣ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን የሚኖሩባቸው ከተሞች ሜዲትራኒያን ዳር ናቸው፤ በአገሪቱ ዳርቻዎች የሱናሚ ማምለጫ ምልክቶች ተተክለዋል። በዲሴምበር 5 ቀን 2024 ሰሜን ካሊፎርኒያ 7.0 ሲናወጥ፣ ብዙ ሐበሻ ያለባቸውን ኦክላንድንና በርክሌይን ጨምሮ በጠረፉ ሁሉ ስልኮች አንድ ላይ ጮኹ። ማስጠንቀቂያው የተላለፈው በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነበር። ከአንድ ሰዓት ጥቂት አለፍ ብሎ ተነሣ፤ ጉዳት የሚያደርስ ማዕበልም አልመጣም። በዚያች ሰዓት ግን እናቱ "ምን እያለ ነው የሚጮኸው?" ያለችው ልጅ ሁሉ፣ ወደደም ጠላም፣ አስተርጓሚም የአደጋ ሠራተኛም ሆኖ ነበር።

ሲያትል ላይ ነገሩ ይጠብቃል። ከተማዋ ሥር የሚያልፍ ስንጥቅ አለ፤ ከሺህ ዓመት በፊት ተናውጦ የባሕር ሰላጤው ውስጥ ሱናሚ አስነሥቷል። በ2022 የዋሽንግተን ግዛት የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ያ ዛሬ ቢደገም ምን እንደሚሆን በኮምፒውተር አስልቶ በቪዲዮ ለቀቀው። ከላይ የተነሣ ካርታ ነው፤ ሰው የለበትም፣ ሙዚቃ የለበትም፣ ውኃው በቀለም ብቻ ይንቀሳቀሳል። የመጀመሪያው ሞገድ ዳርቻው ላይ የሚደርሰው ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ነው። የመዝናኛው ትልቅ ጎማ ባለበት ከፍታው እስከ 42 ጫማ፣ 13 ሜትር ገደማ ይሆናል። ሦስት ደቂቃ ለሳይረን፣ ለሬዲዮ፣ ለስልክ መልእክት አይበቃም።

የሲያትል አስተዳደር ለነዋሪው ከሚጽፍባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። እኔ ግን ከጽሑፉ ይልቅ እንዲህ ያለ ቪዲዮ ብናይ ደስ ይለኛል። እዚያ የተወለደ አንድ ልጅ ባሕሩ ዳር ካለው የእግር መንገድ ይነሣል፤ ከጎኑ ለጉብኝት የመጡት አያቱ አሉ። ከዚያ ወደ መሐል ከተማ ያለው መንገድ ዳገት ነው፤ ደረጃም አለበት። ስልኩ ላይ ሰዓቱ ይቆጥራል። አያቱ ደረጃውን በስንት ይወጡታል? የትኛው ጎዳና ይሻላል? መንቀጥቀጡ ድልድዩን ቢያፈርሰውስ? በሦስት ደቂቃ የት እንደደረሱ በአማርኛ ይንገረን፤ አያቱም ትንፋሻቸው ሲመለስ የሚሉትን ይበሉ። ልጁ ይለቀው። ምን ያህል ሰው እንደሚያየው አላውቅም፤ አያቱ ግን ባሕሩ ዳር በወረዱ ቁጥር የትኛውን ደረጃ እንደሚይዙ ያውቃሉ።